ሶፍትዌርን በሁክ አማካኝነት ለፕለጊን ክፍት ማድረግ እንዴት ይቻላል?

ሐዋሳ ላይ ለሆቴሎችና ለፔንሲዮኖች የእንግዳ መመዝገቢያና የሂሳብ ሶፍትዌር የሚያቀርብ ባለሙያ ደንበኞቹ ሲበዙ የሚገጥመው ችግር የታወቀ ነው። ሐይቁ ዳር ያለውና ስልጠና የሚያስተናግደው ሆቴል የሃያ ተሳታፊዎች ሂሳብ በአንድ ድርጅት ስም እንዲወጣለት ይፈልጋል፤ መናኸሪያ አካባቢ ያለው ፔንሲዮን ደግሞ ደረሰኙ ላይ ቀኑ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር እንዲታይና ለእንግዳው ኤስኤምኤስ እንዲላክ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የኮዱን ቅጂ ለይቶ ማስተካከል ለጊዜው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ የጋራ ስህተት በተገኘ ቁጥር ቅጂዎቹን ሁሉ እየከፈቱ ማረም ግድ ይሆናል። ከዚህ የሚሻለው ዋናውን ኮድ አንድ አድርጎ መያዝና ልዩ ልዩ ፍላጎቶችን በፕለጊን፣ ማለትም ዋናውን ኮድ ሳይነካ ተጨማሪ ሥራ በሚያስገባ የተለየ የኮድ ፋይል፣ ማስተናገድ ነው። ሁክ ማለት ዋናው ፕሮግራም በሥራው መካከል በታወቀ ቦታ ላይ አንድ ክስተት መፈጠሩን የሚያሳውቅበትና አስቀድመው የተመዘገቡ ፋንክሽኖችን (ስም ያላቸውና አንድ ሥራ የሚሠሩ የኮድ ክፍሎችን) በተራ የሚጠራበት ነጥብ ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ የሁኮቹን ቦታ መምረጥ

ኮድ ከመጻፍ በፊት ሶፍትዌሩ የሚያልፍባቸውን ዋና ዋና ክስተቶች ወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ እንግዳ ተመዘገበ፣ ክፍል ተቀየረ፣ ሂሳብ ሲሰላ፣ ሂሳብ ተዘጋ፣ ደረሰኝ ሲታተም። ለመነሻ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። በየፋንክሽኑ ሁክ መዝራት ለጋስነት ቢመስልም፣ አንድ ጊዜ ለሌሎች የተሰጠ ሁክ የውል ያህል ስለሚታይ በኋላ ማንሳቱ የደንበኞችን ፕለጊን ይሰብራል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ደንበኛ በእርግጥ የጠየቀውን ብቻ መክፈት ይመረጣል።

ክስተቱ የሚታወጅበት ቅጽበትም ጥንቃቄ ይሻል። «ሂሳብ ተዘጋ» የሚለው ሁክ የዳታቤዙ ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ለውጦች) ሳይጸድቅ ከተጠራና ትራንዛክሽኑ ወዲያው ከተሰረዘ፣ እንግዳው ያልተመዘገበ ክፍያ ማረጋገጫ ስልኩ ላይ ደርሶት ይገኛል። የተፈጸመ ነገርን የሚያበስር ሁክ ምንጊዜም ከጸደቀ በኋላ ይጠራል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የሚያሳውቀውን ከሚለውጠው መለየት

አንዳንድ ሁኮች የሚያሳውቁት ብቻ ነው፤ ፕለጊኑ የሚመልሰው ዋጋ አይጠበቅም። ሌሎቹ ግን አንድን ዋጋ ለፕለጊኑ ያቀብሉና የተለወጠውን ይቀበላሉ። የድረ ገጽ ማዘጋጃው ሶፍትዌር ዎርድፕረስ የመጀመሪያዎቹን አክሽን፣ ሁለተኛዎቹን ፊልተር ብሎ ይለያቸዋል፤ ክፍፍሉን እንዳለ መውሰድ ብዙ ግራ መጋባት ያስቀራል። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፦ የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት ላይ ከኮሚት (ለውጡን መዝገብ ላይ ከማስፈር) በፊት የሚጠራው ሁክ ከዜሮ የተለየ ቁጥር ከመለሰ ኮሚቱ ይቆማል። ለሆቴል ሶፍትዌር ይህን የመከልከል ሥልጣን ለፕለጊን መስጠት እምብዛም አያስፈልግም።

ሦስተኛ ደረጃ፦ መዝገቡን ማዘጋጀት

መዝገቡ በአንድ በኩል የክስተቱን ስም፣ በሌላ በኩል የሚጠሩትን ፋንክሽኖች ዝርዝር የሚይዝ ዲክሽነሪ ነው። አንዱ ፋንክሽን ይመዘግባል፤ ሌላው ክስተቱ ሲደርስ ዝርዝሩን እየዞረ ይጠራል። ፕለጊኑ ውስጥ የሚጻፈው መስመር ይህን ይመስላል፦

መዝግብ(«ሂሳብ_ሲሰላ», የድርጅት_ቅናሽ, 10)

ፓይተን 3 የፋንክሽን ስም በግእዝ ፊደል እንዲጻፍ ስለሚፈቅድ ይህ ቅርጽ በተግባርም ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የጥቅስ ምልክቱን ቋንቋው በሚቀበለው መተካት ነው። ግን አንድ ወጥመድ አለ። «ሂሳብ_ሲሰላ» እና «ሒሳብ_ሲሰላ» ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ ፕለጊኑ በአንዱ ተመዝግቦ ዋናው ፕሮግራም በሌላው ከጠራ፣ ምንም የስህተት መልእክት ሳይታይ ፕለጊኑ ዝም ይላል። መፍትሔው የታወቁትን የክስተት ስሞች በአንድ ፋይል መዘርዘርና በዝርዝሩ ያልተገኘ ስም ይዞ የመጣን ፕለጊን ገና ሲመዘገብ በግልጽ መልእክት መመለስ ነው።

አራተኛ ደረጃ፦ ቅደም ተከተል መስጠት

ከላይ ባለው መስመር መጨረሻ ያለው 10 የተራ ቁጥር ነው። በዎርድፕረስም ቁጥር ካልተሰጠ 10 ይወሰዳል፤ ያነሰ ቁጥር ያለው ቀድሞ ይጠራል። ተራው ለምን እንደሚያስፈልግ በሂሳብ እንየው። የክፍሉ ዋጋ 1000 ብር፣ የድርጅቱ ቅናሽ 100 ብር፣ ቫት 15 በመቶ ይሁን። ቅናሹ ቀድሞ ከተቀነሰ 900 ብር ላይ ቫት ተጨምሮ 1035 ብር ይሆናል፤ ቫቱ ቀድሞ ከተሰላ ግን 1150 ላይ 100 ተቀንሶ 1050 ብር ይወጣል። የ15 ብሩ ልዩነት በሃያ ተሳታፊ ሲባዛ 300 ብር ነው። ፕሮግራመሩ ሙከራውን በ10 በመቶ ቅናሽ ብቻ ካደረገው ደግሞ ጥፋቱ አይታየውም፤ ሁለት መቶኛዎች በየትኛውም ተራ ቢባዙ ውጤቱ ያው 1035 ነውና። ስለሆነም ሙከራው በቁርጥ ብር ቅናሽም መደረግ አለበት፤ ለቫት ስሌትም ከቅናሹ የበለጠ ቁጥር፣ ለምሳሌ 90፣ ይሰጠዋል።

አምስተኛ ደረጃ፦ የፕለጊን ጥፋት ሥራ እንዳያቆም ማድረግ

ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ በሚያስኬደው ኖድ ጄኤስ ላይ ባለው ኢቨንት ኤሚተር (ክስተት አሳዋቂ)፣ አንድ አድማጭ፣ ማለትም ለክስተቱ የተመዘገበ፣ ፋንክሽን ኤረር ከወረወረና ያልተያዘ ከሆነ፣ ኤረሩ ወደ ጠሪው ይመለሳል፤ ቀጥሎ ያሉት አድማጮችም ሳይጠሩ ይቀራሉ። እንዲህ ያለው ባሕርይ ሪሴፕሽን ላይ እንግዳ ቆሞ እየጠበቀ ሳለ መታየት የለበትም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥሪ ለብቻው ኤረር በሚይዝ ክፍል ይሸፈን፤ የፕለጊኑ ስም፣ ክስተቱና የኤረሩ ዝርዝር ሎግ ፋይል ላይ ይጻፍና ቀጣዩ ፋንክሽን ይጠራ። ዋጋ የሚለውጥ ፕለጊን ሲበላሽ ግን ነገሩ ይለያል፦ የተሳሳተ ሂሳብ በጸጥታ ከማውጣት ይልቅ ገንዘብ ተቀባዩን በማስጠንቀቂያ ማስቆም ይሻላል።

ኤረርን መያዝ ዘገምተኛ ፕለጊንን አያድንም። ኤስኤምኤስ የሚልከው ፕለጊን ኔትወርኩ እስኪመለስ ከጠበቀ ስክሪኑም አብሮ ይጠብቃል፤ በመሆኑም ሁኩ መልእክቱን ሰልፍ ውስጥ ብቻ አስገብቶ ይመለስና፣ መላኩን ከጀርባ የሚሠራ ሌላ ፕሮሰስ ይረከበው።

ስድስተኛ ደረጃ፦ መጫንና መፈተን

ፕለጊኖቹን ለብቻቸው በተለየ ፎልደር ያስቀምጡ፤ ሶፍትዌሩ ሲነሳ በፎልደሩ ያሉትን ፋይሎች እያነበበ የእያንዳንዳቸውን መነሻ ፋንክሽን ይጠራል። በዚህ መንገድ የተጫነ ፕለጊን የዋናውን ፕሮግራም ሥልጣን ሁሉ እንደሚይዝና የእንግዶችን መረጃ በሙሉ ማንበብ እንደሚችል አይዘንጉ፤ ምንጩ ያልታወቀ ፋይል እዚያ ፎልደር መግባት የለበትም።

ለሙከራ አራት ሁኔታዎች ይበቃሉ፦ ፎልደሩ ባዶ ሲሆን፣ ሆን ብሎ ኤረር የሚወረውር ፕለጊን ሲገባ፣ አሥር ሰከንድ የሚተኛ ፕለጊን ሲገባ፣ እንዲሁም ስሙ በተሳሳተ ፊደል የተጻፈ ክስተት የሚመዘግብ ፕለጊን ሲገባ። ባዶው ፎልደር ሶፍትዌሩን የሚያቆመው ከሆነ፣ ዋናው ኮድ ሊይዘው የሚገባው ሥራ ወደ ፕለጊን ወጥቷል ማለት ስለሆነ ወደ ቦታው ይመለስ።