ኪራዩን ሌላ የሚከፍልለት ተከራይ ሲመጣ፦ ለጎንደር አከራዮች

ማራኪም ሆነ አዘዞ፣ «ኪራዬን ድርጅት ይከፍልልኛል»፣ «ልጄ ከውጭ ይልክልኛል»፣ «የምኖረው በጡረታ ነው» የሚል ተከራይ ሲመጣ ደጃፍ ላይ መመለስ ስህተት ነው። በተለይ ጡረታ በየወሩ የሚገባ ገንዘብ ነው። መመርመር ያለበት ብሩ የሚመጣበት መንገድና ቀን እንጂ የሰውየው ችግር አይደለም።

ከፋዩ ድርጅት ከሆነ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያስመጡ። «ድጋፍ ይደረግላታል» የሚል ብቻ አይበቃም። በወር ስንት ብር፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው፣ በማን ሒሳብ እንደሚገባ፣ ድጋፉ ሲቆም ከስንት ቀን በፊት እንደሚነገርዎት ይጻፍበት። ይዘው ቢሮው ድረስ ሄደው ያረጋግጡ። ደብዳቤው ኪራይ ብቻ የሚል ከሆነ የመብራትና የውኃውን ተከራዩ እንደሚከፍል በውሉ ላይ ያስፍሩ፤ ውኃ ጠፍቶ ሮቶ በቦቴ ሲሞላ ሒሳቡ የማን እንደሆነ ጭምር።

ጠቡ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከቀን አቆጣጠር ነው። እኛ ኪራይ የምንቆጥረው ከወሩ መባቻ ነው። በፈረንጅ ወር መጨረሻ የሚከፈል ብር ግን በእኛ ከ20 እስከ 25 ባለው ጊዜ ይውላል፤ ሴፕቴምበር 30 መስከረም 20፣ ጁላይ 31 ደግሞ ሐምሌ 24 ነው። ስለዚህ «የሚቀጥለው ወር ኪራይ በ28 ይከፈላል» ብለው ይጻፉ። ጳጉሜን በኪራዩ ይታሰብ ወይስ አይታሰብ የሚለውንም ቀድመው ይወስኑ።

ከፋዩ ውጭ አገር ካለ፣ ወይም ተከራዩ ጡረተኛ ከሆነ፣ እዚሁ ከተማ ያለ ዋስ ያስፈልጋል፤ ጡረታ ለኪራይ ዕዳ በፍርድ ቤት አይያዝምና። በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1922 መሠረት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተጻፈበት ዋስትና ዋጋ የለውም። «ያለበትን ሁሉ እከፍላለሁ» የሚል ፊርማ ክርክር ላይ ባዶ ወረቀት ነው። ኪራዩ 6,000 ብር ከሆነ ለምሳሌ «እስከ 18,000 (አሥራ ስምንት ሺህ) ብር» ተብሎ በአኃዝም በፊደልም ይስፈር፤ ዋሱና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድመ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ያዛል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ ሲወስን ስለሆነ ከመፈረምዎ በፊት ክፍለ ከተማውን ይጠይቁ። ለጥምቀት እንግዳ ክፍሉን ለማስለቀቅ ያሰበ ሰው እንዲህ ያለ ውል ባይገባ ይሻላል፤ ተከራይን በጥር ብርድ ማስወጣት ነውርም ነው።

28 አልፎ ብሩ ካልገባ፣ ተከራዩ በስልኩ የሚያሳይዎትን የክፍያ ፎቶ አይመኑ፤ የራስዎን ሒሳብ ይዩ። ከዚያ መጀመሪያ የሚደውሉት ለከፋዩ ይሁን። የዘገየው ብር ያለው እሱ ዘንድ ነው፣ ተከራዩም አብሮዎት እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።