ከላይ ነጭ፣ ከታች ቡናማ፦ የጥልቅ ሪፍ አኳሪየም መብራት ችግርና መፍትሄ

በሪፍ አኳሪየም (ኮራል በሚያድግበት የጨው ውሃ አኳሪየም) የመብራቱ ሰዓት ቆጣሪ እንደማይዛነፍ፣ የውሃው ሙቀትና ጨዋማነትም እንደተለካ ልቁጠርና ወደ ዋናው ልግባ።

ከላይ ያለው ኮራል ነጣ

ከሚገጥመኝ ብልሽት ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። ባለቤቱ ሁልጊዜ "ብርሃን አንሶት ገረጣ" ይልና መብራቱን ይጨምራል። በጨለማ የበቀለ ተክል ሲገረጣ ስላየ ነው። ኮራል ግን የተገላቢጦሽ ነው። በሥጋው ውስጥ የሚኖረው አልጌ (ተክል መሰል ደቂቅ ፍጥረት) ብርሃን ሲበዛበት ይጎዳል፤ ኮራሉም ያስወጣዋል። ያኔ ሥጋው መስታወት ይመስልና የውስጡ ነጭ አጽም ይታያል። ብርሃን ያነሰው ግን አልጌውን ያበዛና ቡናማ ይሆናል።

ቅርንጫፉን ዙሪያውን ይዩት። ወደ መብራቱ የዞረው ወገን ነጥቶ ጥላ ያረፈበት ቀለሙን ከያዘ ጥፋቱ የመብራቱ ነው። ሥጋው ከሥር ወደ ላይ እየተላጠ ከሆነ መብራቱን ይተዉና የውሃውን አልካሊነት ይለኩ። አክሮፖራ የሚባለው ባለቅርንጫፍ ኮራል ጫፉ ብቻ ነጣ ካለ እያደገ ነው፤ አይንኩት።

አንድ ወዳጄ 75 ሴንቲሜትር ጥልቀት ባለው አኳሪየሙ ላይ የነበሩትን የቲ-5 አምፖሎች (ቀጫጭን የፍሎረሰንት ቱቦዎች) አንስቶ መሃል ላይ አንድ ኤልኢዲ ሰቀለ። ታች እንዳይጨልም ብሎም መቶ በመቶ ለቀቀው። የላይኞቹ ነጡ፣ ከድንጋዩ ሥር ያሉት ቡናማ እንደሆኑ ቀሩ። ጭራሽ ጠባብ ሌንስ ገዝቶ ጨመረ! የፓር (ለአልጌው የሚጠቅመው የብርሃን መጠን) መለኪያ ስናስገባ ድንጋዩ አናት ላይ ከ600 አለፈ፤ አሸዋው ላይ 40 አልሞላም። የጎደለው ጉልበት ሳይሆን ስርጭት ነበር፤ ከአንድ ነጥብ የሚወርድ ብርሃን የድንጋይን ጥላ አይሰብርም።

መፍትሄው ይህ ነው፦ መብራቱን በግማሽ ይቀንሱ፤ ቀለሙ እስኪመለስ ሳምንታት ይታገሡ፤ ከዚያ በየሳምንቱ ከአምስት በመቶ ሳያልፉ ይጨምሩ። በአንድ ኃይለኛ መብራት ፋንታ ሁለት ወይም ሦስት ሰፊ ሌንስ ያላቸውን ከፍ አድርገው ይስቀሉ። ኮራሉን እንደ ፍላጎቱ ያስቀምጡ፦ አክሮፖራ ከ200 እስከ 350፣ ዩፊሊያ የሚባለው ኮራል ከ80 እስከ 150፣ እንጉዳይ መሰሎቹ ኮራሎች ደግሞ ከ50 እስከ 100 ፓር በሚያገኙበት።

የመብራቱ የስልክ መተግበሪያ የሚያሳየው "60 በመቶ" ፓር አይደለም። የስልክ ሉክስ መለኪያም ለሰው ዓይን የተሠራ ስለሆነ ሰማያዊውን ብርሃን አሳንሶ ይቆጥራል። በግምት አይጨምሩ። መለኪያ መግዛት ከከበደዎት ይከራዩ ወይም ይዋሱ። በድጋሚ፦ የነጣ ኮራል ላይ ብርሃን አይጨምሩ።

ኮራሉ ሁሉ ቀስ በቀስ ቡናማ ሆነ

መጀመሪያ ናይትሬቱን ይለኩ፤ እሱም ቡናማ ያደርጋል። ደህና ከሆነ ሌንሱ ላይ የጋገረውን ጨው መብራቱን አጥፍተው፣ ሲቀዘቅዝ፣ በንጹህ ውሃ በራሰ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። የቲ-5 አምፖሎችን በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ይቀይሩ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ግን አይቀይሩ።

ውሃው ቢጫ ሆነ

ቢጫነቱ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል። ውሃ የሚያጣራ ካርቦን ያስገቡ፣ ግን በጥቂት በጥቂቱ፤ ውሃው ባንዴ ከጠራ ብርሃኑ በድንገት ይበዛና ተመልሰው ወደ ንጣቱ ይገባሉ።

አዲሱ መብራት ከመጀመሪያው ደካማ ነው

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት ማመን የለብዎትም። በዋት መለኪያ ሲፈተሽ ግማሹን እንኳ የማይስብ ርካሽ መብራት ሞልቷል። እንዲህ ያለውን መልሱት እንጂ አይጠግኑት።

መብራቱ ከሰዓት በኋላ ራሱን ያደበዝዛል

የማቀዝቀዣ ማራገቢያው በአቧራና በጨው ታፍኖ መብራቱ ግሏል፤ ከኤሌክትሪክ ነቅለው ያጽዱት።