የአሰልጣኛችሁን ስም መንገድ ላይ ማሰቀል ትፈልጋላችሁ?

መጀመሪያ አንድ ነገር ለዩ። የመንገድ ስም መቀየርና የመታሰቢያ ስም መስጠት አንድ አይደሉም። ስሙ ከተቀየረ የነዋሪው አድራሻ አብሮ ይቀየራል፣ ጎረቤት የሚያኮርፈውም እዚህ ጋ ነው። የመታሰቢያ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ታፔላ ጋር የሚሰቀል ተጨማሪ ታፔላ ብቻ ነው። የመታሰቢያ ስሙን ጠይቁ፣ ይቀላል።

ከዚያ የከተማውን ደንብ አንብቡ። በሕይወት ባለ ሰው ስም የማይሰይሙ ከተሞች አሉ፣ ሰውየው ካረፈ በኋላ የተወሰነ ዓመት እንዲያልፍ የሚጠብቁም አሉ። ይህን ሳታጣሩ ፊርማ ብታሰባስቡ ልፋታችሁን ውሃ በላው። ራሱን፣ ከሌለም ቤተሰቡን ማስፈቀድ እንዳትረሱ።

ዋናው ሥራ ማመልከቻው ነው። «ጥሩ ሰው ነበር» ማንንም አያሳምንም። ስንት ዓመት አሰለጠነ? የትኛው ሜዳ ላይ? በነጻ ነበር? ትንንሹንም ነገር ጻፉ፤ ማልያ ቤቱ ወስዶ የሚያጥብ፣ ልምምድ አልቆ ሲመሽ የመጨረሻው ልጅ ወላጅ እስኪመጣ ኳሱን ታቅፎ በር ላይ የሚጠብቅ ሰው ከሆነ፣ ከዋንጫው ይልቅ የምክር ቤት አባላትን ልብ የሚነካው ይሄ ነው። የድሮ ተጫዋቾቹ ደብዳቤ በየራሳቸው ቃል ይጻፉ፣ ኮፒ ፔስት ያስታውቃል።

ደስ ባይልም፣ ከልጆች ጋር የሠራ ሰው ስለሆነ ቅሬታ ቀርቦበት እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ፊርማውን ከዚያው መንገድ ነዋሪዎች ጀምሩ፣ ቤት ለቤት። የታፔላውን ወጪ ማን እንደሚችል ጠይቁ። ከመታተሙ በፊት ደግሞ የስሙን ፊደል ቤተሰቡ ይየው።