ፍሪሲዮን መያዣ የሌለውን ሞተር አዲስ አበባ መሃል እንዴት ሞክሮ ማየት ይቻላል

ፍሪሲዮን መያዣ ሳይኖረው ማርሹን ራሱ የሚቀይር ሞተር ልትገዙ አስባችሁ ባለቤቱ «ንዱትና እዩት» ሲላችሁ፣ ቀለበት መንገድ ይዛችሁ አትሂዱ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ የማያስደስት ሞተር የለም። ይህ ሞተር የሚፈተነው በመጀመሪያዎቹ አምስት ሜትሮች፣ ዳገት ላይ ቆሞ ሲነሳና በጠባብ ቦታ ሲዞር ነው። ለዚህ ደግሞ ከመስቀል አደባባይ ፒያሳ ድረስ ያለው መንገድ ይበቃል።

መጀመሪያ የምትነዱትን እወቁ። ሆንዳ ይህን ካምቢዮ በሞተር ሳይክል ላይ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2010 በቪኤፍአር 1200 ሲሆን፣ ስሙ ዲሲቲ ነው። ዛሬ በኤንሲ 750፣ በአፍሪካ ትዊንና በሬብል 1100 ላይም ይገኛል። ውስጡ ሁለት ፍሪሲዮን አለ፤ አንዱ 1ኛ፣ 3ኛና 5ኛን፣ ሌላው 2ኛ፣ 4ኛና 6ኛን ይይዛል። በሁለተኛ ስትሄዱ ሦስተኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አንዱ ሲለቅ ሌላው ስለሚይዝ መሃል ላይ ጉልበት አይቋረጥም። ብዙ ሰው ከስኩተር ጋር ያምታታዋል። ስኩተር በቺንጋ ነው የሚሄደው፤ ይሄኛው ግን እውነተኛ ማርሽ አለው።

ከመነሳታችሁ በፊት ሊብሬውን፣ ቦሎውንና ሦስተኛ ወገኑን እዩ። ከተማዋ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ስላደረገች፣ ሞተሩ ውስጥ ለውስጥ ለመንቀሳቀስ ፈቃድ እንዳለውም አረጋግጡ። ያገለገለ ከሆነ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። ፍሪሲዮኖቹ የሚያዙትና የሚለቁት በዘይት ግፊት ነው፤ ለእነሱ ብቻ የተለየ ትንሽ ፊልትሮም አለ። ባለቤቱ ስለዚህ ፊልትሮ ሰምቶ የማያውቅ ከሆነ፣ አልተቀየረም ብላችሁ ዋጋው ላይ ተነጋገሩ።

አሁን ተቀመጡ። ኤንሲ 750 በዲሲቲ ወደ 224 ኪሎ ይመዝናል፣ ባለ ፍሪሲዮን መያዣው ወንድሙን በ10 ኪሎ ያህል ይበልጠዋል። ሳታስነሱ ግራና ቀኝ ዘንበል አድርጋችሁ ክብደቱን ለመዱት። ስታስነሱት ዜሮ ማርሽ ላይ ነው። የቀዘቀዘ ከሆነ ኢንጂኑ እስኪረጋ ጠብቁ፤ ከዚያ በቀኝ እጅ በኩል ዲ የሚለውን ተጫኑ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ አንደኛ ገባ ማለት ነው። የጎን መቆሚያው ካልታጠፈ ወይም ነዳጅ እየሰጣችሁ ከሆነ አይገባም።

ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሞተሩ ዝም ብሎ የቆመ ይምሰል እንጂ ቀኝ እጃችሁ ትንሽ ከዞረ ይሄዳል። ወርዳችሁ ልትገፉት፣ ስልክ ልታነሱ፣ ከባለቤቱ ጋር ልታወሩ ከሆነ ወደ ዜሮ መልሱት። ይህን እባካችሁ አትርሱ፤ አጠገቡ ቆመው መሪውን እንደያዙ ነዳጅ ሰጥተውት የሚወድቁ አሉ።

ትልቁ ልምምድ የግራ እጅ ነው። እኔ መጀመሪያ የነዳሁት ቀን ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ ሊያነሳ ድንገት ፊቴ ቆመ። አራት ጣቶቼ ፍሪሲዮን ሊይዙ ተዘረጉና ባዶ አየር ጨብጠው ተመለሱ። ለግማሽ ሰከንድ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ፍሬን ስይዝ ግን ሞተሩ ኢንጂኑ ሳይጠፋ ራሱ ወደ አንደኛ ወርዶ ቆመ። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የግራ ጣቶቻችሁን መሪው ላይ ጠቅልላችሁ ያዙ። ሌላውን የሆንዳ ዲሲቲ፣ ኤክስ-ኤዲቪን የምትሞክሩ ከሆነ ደግሞ በበለጠ ተጠንቀቁ፤ እዚያ በግራ እጅ ያለው መያዣ የኋላ ፍሬን ነው፣ ፍሪሲዮን መስሏችሁ ብትጨብጡት ድንገት ፍሬን ትይዛላችሁ።

ወደ መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት ሰፊ ግቢ ወይም ፓርኪንግ ውስጥ ስምንት ቁጥር እየሠራችሁ ዙሩ። በተለመደው ሞተር ቀስ ብላችሁ ስትዞሩ ሚዛን የምትጠብቁት ፍሪሲዮን በግማሽ ይዛችሁ ነበር። እዚህ ያንን ሥራ የሚሠራው የኋላ ፍሬን ነው። ነዳጁን በትንሹ ሰጥታችሁ ሳትለዋውጡ አቆዩት፣ ፍጥነቱን በቀኝ እግራችሁ ፍሬን ያዙት። ነዳጁን ጨርሳችሁ ከለቀቃችሁት ፍሪሲዮኑ ይለቃል፣ ሞተሩም መታጠፊያው መሃል ይወድቅባችኋል። ይህ እስኪገባችሁ አሥር ጊዜ ዙሩ። እኔን ብትጠይቁኝ ከሙከራው ጊዜ ግማሹ እዚህ ቢያልቅ ይሻላል።

ቀጥሎ እሁድ ማለዳ፣ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከመስቀል አደባባይ በስታዲየም አድርጋችሁ ለገሃር ድረሱና ወደ ቸርችል ጎዳና ታጠፉ። ጥቁር አንበሳን እንዳለፋችሁ ዳገቱ ላይ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። እንደ አውቶማቲክ መኪና ፍሬን ስትለቁ ወደፊት የሚሳብ እንዳይመስላችሁ፣ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ግራ እግር መሬት፣ ቀኝ እግር ፍሬን ላይ ሆኖ ነዳጅ ስጡ፤ ሊሄድ ሲታገል ፍሬኑን ልቀቁ። ሦስት ጊዜ ድገሙት።

በዲ ስትወጡ ቶሎ ወደ ላይኛው ማርሽ ስለሚሄድ ዳገቱ ላይ የደከመ ይመስላል። ኤስ (ስፖርት) ላይ አድርጉት፣ ማርሹን ያቆየዋል። ወይም በግራ አውራ ጣት የመቀነሻውን ምልክት ተጫኑ። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና አየሩ ሳስቶ ኢንጂኑ ከጉልበቱ ወደ አንድ አምስተኛ ያጣል፤ ጥፋቱን ሁሉ ካምቢዮው ላይ አትጣሉ።

ፒያሳ ስትደርሱ ቡና ጠጡ። ቁልፉን ስትዘጉ ሞተሩ ዜሮ ማርሽ ላይ ስለሚቀር ማርሽ አስገብቶ ማቆም አይቻልም። ተዳፋት ላይ ካቆማችሁ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ ከዚያም ገፋ አድርጋችሁ መያዙን እዩ።

መመለሻችሁ በአራት ኪሎ ይሁን። ከቤተ መንግሥቱ ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ ስትወርዱ ማርሹን በጣታችሁ እየቀነሳችሁ ኢንጂኑ ምን ያህል እንደሚይዝ ተመልከቱ። ማርሽ ሲቀያየር መንገጫገጭ ወይም መዘግየት ካለ የሚሰማችሁ እዚህ ነው። ጤነኛ ዲሲቲ ሲቀይር ድምፁ እንጂ ንቅናቄው ብዙም አይሰማም።

ወደ ራሳችሁ ሞተር ስትመለሱ የመጀመሪያው መብራት ላይ ፍሪሲዮን መያዝ እንዳትረሱ፤ እኔ ስታዲየም ጋ ረስቼ ኢንጂኑ ጠፍቶብኝ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክስ አሰምቶኛል።