የቦርዶን ቀይ ወይን በአዲስ አበባ ቤት ስለማቆየት፣ ስለማቅረብና ስለመቅመስ

አብዛኛው የፈረንሳይ ወይን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ስለሆነ፣ ጠርሙስ ሁሉ በቆየ ቁጥር ይሻላል ብሎ መደርደር ትልቅ ስሕተት ነው። ወይንን ለዕድሜ የሚያበቃው ኮምጣጣነቱና ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚወጣው፣ ድድን የሚያደርቀው ታኒን ነው። ካበርኔ ሶቪኞ የተባለው የወይን ፍሬ የሚበዛበት፣ ቦርዶ በተባለው የፈረንሳይ አውራጃ ያለው የሜዶክ ወይን በዚህ ስለሚበረታ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1855 በወጣው የቦርዶ ወይኖች ደረጃ ውስጥ ካሉት ሻቶዎች፣ ማለትም ወይን አምራች ርስቶች፣ የመጣና ዝናሙና ፀሐዩ በተስማማበት ዓመት የተለቀመ ከሆነ፣ ከ20 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ሜርሎ የተባለው ፍሬ የሚበዛበት፣ እዚያው ቦርዶ ያለው የፖምሮል ወይን ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ይለሰልሳል።

ሲገዙ በሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን፣ ቡሹ ወደ ውጭ የገፋውን ወይም ወይኑ ከአንገቱ በታች የጎደለውን ጠርሙስ ይተዉት።

ለወይን የሚስማማው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ የሆነ፣ የማይለዋወጥ ቅዝቃዜ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ሙቀቷ ያን ያህል የሚያሰጋ አይደለም፤ የሚያሰጋው ሌሊት የሚቀዘቅዘውና ቀን የሚግለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ነው። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ በቀሩት አሮጌ ግንብ ቤቶች ውስጥ ምድር ቤት ያለው ሰው ታድሏል፤ ፎቅ ላይ የሚኖር ደግሞ ከውጭ ግድግዳ የራቀ ጨለማ ቁም ሣጥን ይምረጥ። የበጋው አየር ደረቅ ስለሆነ ቡሹ እንዳይደርቅ ጠርሙሱ ይጋደም።

ያረጀ ወይን ከመቅረቡ አንድ ቀን አስቀድሞ ይቁም፤ አምቡላው ወደ ታች ይዘቅጣል። ከዚያም ከአንገቱ ሥር ብርሃን ይዞ ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ በዝግታ መገልበጥና አምቡላው ወደ አንገቱ ሲቃረብ ማቆም ነው። ያረጀው ወዲያው ይቀዳል፤ ወጣቱና ብርቱው ግን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት አየር ቢያገኝ ይለዝባል። ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይሁን፤ በበጋ ቀትር ለግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ነውር የለውም። ጽዋን ሞልቶ መቅዳት ለእንግዳ ክብር መሆኑ ቢታወቅም፣ መዓዛው የሚሰበሰብበት ቦታ እንዲያገኝ ባለ እግሩ ብርጭቆ ከሲሶው አይለፍ።

ቡና መቁላቱና ዕጣን ማጤሱ ከወይኑ በኋላ ይሁን፤ አለዚያ የወይኑን ሽታ ማንም አይለየውም። ብርጭቆውን በነጭ ጨርቅ ላይ አዘንብለው ሲያዩት ወጣቱ ሐምራዊ፣ የበሰለው ዳሩ የሸክላ ቀለም ያለው ነው። አሽትተው፣ ጥቂት ተጎንጭተው፣ አፍ ውስጥ ካዘዋወሩት በኋላ ጣዕሙ ምን ያህል እንደሚቆይ ያስተውሉ፤ ጥሩ ወይን ከተዋጠ በኋላም ይቆያል።

ዶሮ ወጥን ከዚህ ወይን ጋር ማቅረብ ሁለቱንም ይበድላል፤ የበርበሬው ማቃጠል የታኒኑን ድርቀትና የአልኮሉን ግለት ያባብሰዋል። በሜዶክ በምትገኘው በፖያክ የበግ ሥጋ ከወይኑ ጋር እንደሚበላ ሁሉ፣ እኛም አዋዜ ያልነካው የበግ ጥብስ ወይም ያለ ሚጥሚጣ የሚበላ ቁርጥ ብናቀርብ ስቡ ታኒኑን ያለዝበዋል። የተረፈው ወጣት ወይን ተወትፎ በማቀዝቀዣ እስከ ማግስቱ ይደርሳል፤ ያረጀው ግን በዚያው ማዕድ ይለቅ።