የስፓኒሽ ግስ ኃላፊ ጊዜ ላይ ሲቀየር በኛ ፊደል ጻፉት

ጠዋት ከኮዬ ፈጬ ወደ ከተማ ስገባ ባስ ውስጥ ነው ስፓኒሽ የማጠናው፣ መንገዱ ረጅም ስለሆነ አንድ ግስ ደጋግሞ ለማለት ይበቃል። ግንዳቸው (ከመጨረሻው በፊት ያለው ክፍል) የሚቀየር ግሶች ግን ኃላፊ ጊዜ ላይ ለወራት ሲምታቱብኝ ቆዩ፣ በላቲን መሸምደዱን ትቼ በኛ ፊደል መጻፍ ስጀምር ነው ነገሩ ቁልጭ ያለልኝ።

መጀመሪያ የግሱን መጨረሻ እዩ። በ"አር" ወይ በ"ኤር" ካለቀ ተገላገላችሁ፣ አሁን ጊዜ ላይ ቢቀየርም ኃላፊ ላይ ግንዱ አይነካም። ፔንሳር ማሰብ ነው፣ "አስባለሁ" ፒየንሶ፣ "አሰብኩ" ግን ፔንሴ። ቦልቤርም (መመለስ) ቡኤልቦ ብሎ ቦልቢ ነው። ኳስ ለምትወዱ ደሞ "ይጫወታል" ኹዌጋ፣ "ተጫወተ" ኹጎ።

ሥራው ያለው በ"ኢር" የሚያልቁት ላይ ነው። ፔዲርን እንውሰድ፣ መጠየቅ ማለት ነው፣ ካፌ ገብቶ ማዘዝም እሱ ነው፣ ተራው እኔ፣ አንተ ወይ አንቺ፣ እሱ ወይ እሷ፣ እኛ፣ እናንተ፣ እነሱ ነው፦ ፔዲ፣ ፔዲስቴ፣ ፒዲዮ፣ ፔዲሞስ፣ ፔዲስቴይስ፣ ፒዲዬሮን። የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ተከተሏት፣ ኃምሷ ፔ "እሱ፣ እሷ" እና "እነሱ" ላይ ሣልስ ሆና ፒ ትላለች፣ ሌላው ቦታ ባለችበት ናት። ዶርሚር (መተኛት) ላይ ደሞ ሳብዕ ወደ ካዕብ ይሄዳል፦ ዶርሚ፣ ዶርሚስቴ፣ ዱርሚዮ፣ ዶርሚሞስ፣ ዶርሚስቴይስ፣ ዱርሚዬሮን። ያሉት ሁለቱ መንገዶች እነዚህ ናቸው፣ ሴርቢር ሲርቢዮ ይላል፣ ሴንቲር ሲንቲዮ፣ ሞሪር ሙሪዮ። ግሱ ረዘም ካለ የሚቀየረው ወደ መጨረሻው የቀረበው ፊደል ነው፣ ሬፔቲር ሬፒቲዮ ሲል ሬ አትነካም፣ ፕሬፌሪርም ፕሬፊሪዮ ነው። በላቲን ስትጽፉ የፒዲዮ መጨረሻ ኦ ላይ ያለችውን ጭረት እንዳትረሱ፣ ስታነቡም እዛው ላይ ጫን በሉ።

አሁን በጣም ልብ በሉ፣ አማርኛ ተናጋሪን የሚጥለው ይሄ ነው። እኛ ለትልቅ ሰው "እሳቸው ተኙ" ስንል ከ"እነሱ ተኙ" ጋር አንድ አይነት ነው፣ ስለዚ ስለ አያታችን ስናወራ አፋችን ሳናስበው ዱርሚዬሮን ይላል። ስፓኒሽ ላይ ሰውየው አንድ እስከሆነ ድረስ ምንም ቢከበር ዱርሚዮ ነው፣ "እርስዎ" የሚሉት ኡስቴድ ራሱ ዱርሚዮን ነው የሚይዘው፣ ዱርሚዬሮን የሚመጣው ኡስቴዴስ ሲሆን ማለትም ሰዎቹ ሲበዙ ነው።

ቴኔር፣ ኬሬር፣ ቤኒር ከዚህ ደንብ ውጪ ናቸው፣ ቱቦ፣ ኪሶ፣ ቢኖ ብላችሁ ለብቻ ያዟቸው (ቱቦ "ነበረው" ነው፣ የውሃ ቱቦ ባያችሁ ቁጥር በሉት)።

ልምምዱን እኔ የማደርገው ሰፈር ውስጥ ባየሁት ነው፣ ጎረቤት ቡና ካዘዘ ፒዲዮ ኡን ካፌ፣ ልጆቹ ከተኙ ሎስ ኒኞስ ዱርሚዬሮን፣ ከዛ ያንኑ በ"እኔ" እመልሰዋለሁ፣ ፔዲ ኡን ካፌ፣ ዶርሚ፣ ፊደሏ ወደ ቦታዋ ስትመለስ እስካይ ድረስ።