የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚያመጣውን ያለፈቃድ እንቅስቃሴ ስንለይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ታማሚው መድኃኒት ጀምሮ የሚሰማው ድምፅ ሲርቅለት፣ እንቅልፍ ሲወስደው ቤተሰብ እፎይ ይላል። ከዚያ እግሩ መቁነጥነጥ ወይም አፉ በባዶው ማላመጥ ሲጀምር «ሕመሙ ገና አልለቀቀውም» ይባላል። በነርስነት ሥራዬ እኔም ብያለሁ። እንደ ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚንና ሪስፔሪዶን ያሉ መድኃኒቶች ቅዠትንና ጥርጣሬን የሚያረግቡት አንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፈውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራ በመግታት ነው። እንቅስቃሴያችንን የሚያስተካክለውም ይኸው ዶፓሚን ስለሆነ፣ አንዱ ሲሻሻል ሌላው ሊታወክ ይችላል።

መቁነጥነጥን የሕመሙ ማገርሸት አድርጎ መቁጠር

ከሁሉም የሚከፋኝ ይሄ ነው። አንድ ወጣት ሃሎፔሪዶል በጀመረ በሳምንቱ ተቀምጦ መብላት አቃተው፤ ሳህኑን ይዞ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እየተመላለሰ ይጎርስ ነበር። ካርዱ ላይ «ተረብሿል» ብዬ ጻፍኩ። መጠኑ ተጨመረለት። በዚያ ሌሊት እስኪነጋ ሲመላለስ አደረ። ጠዋት አጠገቡ ሆኜ ስጠይቀው «ሲስተር፣ ሐሳቤማ ደህና ነው፤ እግሬ ነው አላስቀምጥ ያለኝ፤ ስራመድ ትንሽ ቀለል ይለኛል» አለኝ። ቀድሜ ብጠይቀው ኖሮ ያ ሌሊት ባልመጣ ነበር።

ሕክምናው ይህን አካቲዥያ ይለዋል። መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተጨመረ በኋላ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይመጣል፤ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ያመጡታል። ጥያቄው አጭር ነው፦ «የሚያስጨንቅህ ሐሳብ ነው ወይስ ሰውነትህ ነው አላስቀምጥ ያለህ?» ስቃዩ ራስን እስከ ማጥፋት ሐሳብ ሊያደርስ ስለሚችል በቸልታ አይታለፍም። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ፣ መድኃኒቱን ሊቀይር ወይም እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ ማስታገሻ ሊጨምር ይችላል።

የአንገት መጣመምን «ማስመሰል» ማለት

ዲስቶኒያ የሚባለው ያለፈቃድ የጡንቻ መኮማተር ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው መጠን በኋላ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በተለይ በወጣቶች ላይ ይከሰታል። አንገት ወደ አንድ ጎን ይጠመዘዛል፣ ዓይን ወደ ላይ ተገልብጦ ይቀራል፣ ምላስ ይወፍርና ንግግር ይያዛል። ሰውየው ሙሉ በሙሉ ንቁ ሆኖ ስለሚያየን ድንጋጤው ከባድ ነው። ተገቢው መርፌ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። ጉሮሮ ከያዘ ግን ትንፋሽን ስለሚያሰጋ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው።

ዝምታን እንደ መሻሻል ማየት

«አሁን ተረጋግቷል» የተባለው ሰው ሲራመድ እጁ ይወዛወዛል? ፊቱ ይፈካል? ጽሕፈቱ አንሷል? ፊቱ ፈዝዞ፣ እርምጃው አጥሮ፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ መድኃኒቱ ፓርኪንሶን መሰል ችግር አምጥቶ ይሆናል። ድብርት ይመስላልና ይምታታል።

«መድኃኒቱማ የቆየ ነው» ብሎ ማለፍ

ታርዲቭ ዲስኪኔዥያ የሚባለው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነው የሚመጣው፤ መጠኑ ሲቀነስ ወይም መድኃኒቱ ሲቆም ጭምር ብቅ ሊል ይችላል። ከንፈር ይመጠምጣል፣ መንጋጋ ያላምጣል፣ ጣት እንደ ፒያኖ ተጫዋች ይንቀሳቀሳል። እንቅልፍ ሲወስደው ይጠፋል። በዕድሜ የገፉ ሰዎችና ሴቶች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ታማሚው ራሱ ብዙ ጊዜ አያስተውለውም፤ የሚያየው አጠገቡ ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ እንዲህ ይታያል። መጀመሪያ አፉ ውስጥ ማስቲካ አለመኖሩን፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለም የማይነቀንቅ መሆኑን ያረጋግጡ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጥ። አፉን ከፍቶ ምላሱን እዚያው ያቆየው፤ ቀጥሎ ያውጣው። ከዚያ አውራ ጣቱን በሌሎቹ ጣቶች እያፈራረቀ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይንካ፤ በዚህ ጊዜ እጁን ሳይሆን ፊቱንና እግሩን ይመልከቱ፤ የተደበቀው እንቅስቃሴ ያኔ ይወጣል። በመጨረሻ ይራመድ። በ1976 የወጣው ኤይምስ የተባለው መመዘኛ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። በስልክ ቀርጾ ለሐኪሙ ማሳየትም ይረዳል።

ለሁሉም አንድ ክኒን መስጠት

ትራይሄክሲፌኒዲል የተባለው ክኒን ለዲስቶኒያና ለፓርኪንሶን መሰሉ ችግር ይረዳል፤ ታርዲቭ ዲስኪኔዥያን ግን ሊያባብስ ይችላል። ለዚህኛው ቫልቤናዚንና ዲዩቴትራቤናዚን የተባሉ መድኃኒቶች በ2017 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅደዋል። የማቅለሽለሽ መድኃኒቱ ሜቶክሎፕራማይድም እነዚህን እንቅስቃሴዎች ስለሚያመጣ፣ ለሐኪሙ የሚነገረው ዝርዝር እሱንም ይጨምር።

በራስ ውሳኔ ማቆም

መድኃኒቱን በድንገት መተው ሕመሙን ሊመልሰው፣ እንቅስቃሴውንም ሊያባብሰው ይችላል። ሰውነቱ እንደ እንጨት ከደረቀ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ከያዘውና ከተደናገረ ግን ቀጣዩን መጠን አይስጡት፤ ቀጠሮም ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ያድርሱት።